የፋሲካ ቅቤና የጾም ዘይት

ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣርማ በር ግርጌ የተቀመጠችው ደብረ ሲና የደጋውና የቆላው መገናኛ ናት። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው መንገድ ከመንዝ፣ ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ጋር ያገናኛታል። ፋሲካ ሲቃረብ በዚህ አገር በግ የሚገዛ ሰው እጁን አስቀድሞ የሚሰደው ወደ ሽንጡና ወደ ላቱ ነው።

የመንዝ በግ ላት የመስባቱ ምልክት ብቻ አይደለም። በጉ ሣር በበረከተበት ወራት ያከማቸውን ስብ በላቱ ይዞ፣ ግጦሹ ሲመነምን ከዚያ እየቀነሰ ይኖራል። የክርስቲያኑም ቤት ቅባትን በወቅት ከፍሎ መያዝን ያውቅበታል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቅቤው በማሰሮ እንደ ተከደነ ይቆያል። በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ስለሚለይለት ሳይበላሽ ይከርማል።

የጤና ባለሙያዎች ቅቤ እንዳይበዛ ያሳስባሉ፤ ማሳሰቢያቸውም ተገቢ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የስብ ዓይነት በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ በማድረግ ለልብና ለደም ሥር በሽታ ያጋልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከቀኑ የምግብ ኃይል ውስጥ ከዚህ ስብ የሚገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል። ይህም 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ገደማ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ይሁንና በዚህ ጸሐፊ እምነት ዋናው ጉዳይ የበዓሉ ዶሮ ወጥ አይደለም። ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት 180 ያህል ይደርሳሉና፣ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የጾሙ ድስት ነው። ከኑግ የሚወጣው ዘይት የሚረጋው ስብ ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ሱፍና ተልባማ ተወቅጠው በውሃ ተበጥብጠው ከእንጀራ ጋር ሲፈተፈቱ ቅባታቸው ከነፍሬያቸው ይበላል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ከውጭ የሚገባ የሚረጋ የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ያው ረጊ ስብ ነው። ከእንስሳ ስላልተገኘ ጾም አያስገድፍም፤ ለደም ሥር ግን ከኑጉ ይልቅ ወደ ቅቤው ይቀርባል። ቅቤ የለበትም ተብሎ ዘይት የሚንሳፈፍበት የጾም ሽሮ ስንት ጊዜ ቀርቦልናል!

ባለሙያ ሴቶቻችን የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያለ አንዳች ቅባት በዝግታ አቁላልተው፣ ቅቤውን ከዚያ በኋላ መጥነው ይጨምራሉ። ይህ ሙያ ለጾም ወጥም ይሠራል፤ ትዕግሥት እንጂ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በፋሲካ ሌሊት፣ ከዶሮ ወጡ አስቀድሞ ተልባ መጠጣትም የቆየ ልማድ ነው። ቅቤ ለሁለት ወር ግድም የተለየውን ሆድ እንዲያለዝብ ታስቦ ነው። የተልባ ፍሬ በውሃ ሲርስ የሚሰጠው ልህልህ ያለ ፈሳሽ ለአንጀት ይስማማል፤ ቅባቱም ለልብ ተስማሚ በመሆኑ በሚታወቀው ኦሜጋ 3 የበለጸገ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ የቅቤው ማሰሮ ክፍቱን ይሰነብታል። ተልባው ግን በብዙ ቤት በበዓሉ ማግሥት ወደ ጓዳ ይመለሳል።