ሰርቨር ሲወድቅ ንግድ እንዳይቆም

የአስመጪው የዕቃ ዝርዝር፥ የላኪው የውል መዝገብና የባለሱቁ የዕለት ሽያጭ ዛሬ በብዙ ሥፍራ የሚጻፈው ዳታቤዝ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚያስተናግደው ሰርቨር በገበያ ቀን የተበላሸ እንደ ሆነ፥ ደረሰኝ መቁረጥም ከመጋዘን ዕቃ ማውጣትም ይቆማል፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ክላስተር ይባላል። ይኸውም ሁለት ሰርቨሮችን ከአንድ የጋራ ማከማቻ ጋር ማያያዝ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ያወጣው ዝግጅት ሁለት ሰርቨሮችን በዚሁ ዓይነት የሚያጣምር ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንደኛው ሰርቨር ሲሠራ ሁለተኛው በተጠባባቂነት ይቆያል። ሁለቱም በየአጭር ጊዜው «ደኅና ነኝ» የሚል ምልክት ይለዋወጣሉ። የሠራተኛው ምልክት ሲቋረጥ፥ ተጠባባቂው ማከማቻውን ተረክቦ ዳታቤዙን ያስነሣል፤ የቀድሞውንም የአገልግሎት አድራሻ ይወርሳል። ስለዚህ በገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር አዲስ አድራሻ መፈለግ አያስፈልገውም። ዳታቤዙም ሲነሣ አስቀድሞ የሥራ ማስታወሻውን መርምሮ፥ የተፈጸመውን ሽያጭ ያጸናል፤ በጅምር የቀረውን ይሠርዛል። ይህ ሁሉ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። በዚያች ሰዓት በመቈረጥ ላይ የነበረው ደረሰኝ ግን መግባቱን አረጋግጦ፥ ካልገባ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ምልክት ጠፋ ማለት ሰርቨሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ የተበጠሰው ሽቦው ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብለው በአንድ ማከማቻ ላይ ቢጽፉ፥ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተያዩ በአንድ ገጽ ላይ እንደ ጻፉ ይቈጠራል፤ መዝገቡም ይበላሻል። ይህ ከሥራ መቆም የከፋ ጉዳት ነው። ስለዚህ በሚገባ የተሠራ ክላስተር ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። አንደኛው፥ ተጠባባቂው ከመረከቡ በፊት የሌላውን ኃይል ማጥፋት ወይም ወደ ማከማቻው እንዳይደርስ ማገድ ነው። ሁለተኛው፥ የሁለቱ ድምፅ እኩል ሲሆን የሚለይ ሦስተኛ ምስክር ማቆም ነው።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንደ ተባለ፥ ማከማቻው አንድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እርሱ ቢቃጠል ወይም ሠራተኛ በስሕተት መዝገብ ቢሠርዝ፥ ሁለተኛው ሰርቨር የሚያድነው ነገር የለም። ስለሆነም የመዝገቡን ቅጂ በየዕለቱ በሌላ ሥፍራ ማኖር የግድ ነው።

ነጋዴው ክላስተር ከመግዛቱ በፊት ሻጩን ሦስት ነገሮች ይጠይቅ፦ የወደቀው ሰርቨር የሚታገደው በምን ዘዴ ነው? ሁለቱ ሰርቨሮች በተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር ይሠራሉን? ርክክቡስ ሥራ በሌለበት ቀን፥ ባለቤቱ ባለበት፥ ሠራተኛውን ሰርቨር ሆን ብሎ በማጥፋት ይፈተናልን? ሳይፈተን የቀረ ዝግጅት በችግር ቀን መተማመኛ አይሆንም።