ስለ ሴቶች የዘወትር አለባበስ፦ በወለጋ ከተሞች የሚነገረው ተረትና እውነታው

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ አንዲት ሴት ለገበያ ወይም ለመሥሪያ ቤት፣ ለለቅሶ ወይም ለጸሎት ስለምትለብሰው ልብስ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልብስ ሰፊም ወደ ደንበኛ የሚተላለፉ ብዙ አባባሎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በረጅም ዘመን ልምድ የተፈተኑ ጥበቦች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን ማንም ሳይመረምራቸው እንደ ሕግ የጸኑ፣ ገንዘብን፣ ምቾትን፣ ከዚያም አልፎ ጤናን የሚያስከፍሉ ናቸው። እኔ ልብስ ሊመዘን የሚገባው በአገሩ አፈር፣ በአገሩ ዝናብና ፀሐይ፣ ለባሺቱም በዕለቱ በምትሠራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የማይለያት፣ ምድሯም ቀይ ጭቃ የሆነ ከተማ ስለሆነች፣ ለሌላ አገር አየር የተነገረ ምክር ሁሉ ለእርሷ ላይስማማ ይችላል።

«ከጥጥ የሚበልጥ ልብስ የለም» ይባላል። ይህ ቃል ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ርቱዕ ነው፤ ጥጥ በባሕርዩ ከክብደቱ ሰባትና ስምንት ከመቶ ያህል እርጥበት ከአየር የሚስብ ስለሆነ ላብን ከገላ ያነሣል፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ ከመቶ ያህል እንኳ ስለማይስብ በቀትር ጊዜ ገላ ላይ ይለጠፋል። ሆኖም ይኸው የመምጠጥ ጠባዩ በሐምሌና በነሐሴ በለባሺቱ ላይ ይነሣባታል፤ ጋቢና ቡልኮ የሚያሞቁት በክሮቻቸው መካከል በተያዘው ደረቅ አየር ስለሆነ፣ ዝናቡ አየሩን አስወጥቶ ውኃ ሲተካበት ልብሱ ይከብዳል፣ የገላንም ሙቀት ያሸሻል፣ ፀሐይም በሌለበት ሰሞን ቶሎ አይደርቅም። የመንዝ ባላገሮች በብርዳሙ አምባቸው ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራውን በርኖስና ባና የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱፍ እርጥበት ቢነካው እንኳ ከሙቀቱ ብዙውን አያጣምና። ስለዚህ በክረምት ወደ ሥራ የምትሄድ ሴት ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ካፖርት ለብሳ፣ ነጠላዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ፣ ከደረሰችበት ቤት ደጃፍ ላይ ብትለብሰው ከክብሯ የሚጎድል አንዳች ነገር የለም።

ነጋዴው «ንጹሕ ሱፍ ነው፣ ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ የሚምልበትን ጨርቅ ለመለየት ደግሞ መሐላ አያስፈልግም፤ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ፣ ከሌላ ጨርቅ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። ጥጡ ቶሎ ተያይዞ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ ዐመድ ይተዋል፤ ሱፉ በዝግታ እየተኮማተረ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ፖሊስተሩና ናይለኑ ግን ይቀልጡና ሲቀዘቅዙ በጣት የማይፈርስ ጠንካራ እንክብል ይሆናሉ።

ሁለተኛው አባባል የቀለም ነው። ኀዘን የደረሰባት ሴት ጥቁር ለብሳ ወራትን ስታሳልፍ «ጥቁር ፀሐይ ስለሚስብ ያቃጥላል» ይሏታል። ጥቁር ጨርቅ ከነጩ ይልቅ የፀሐይን ሙቀት እንደሚስብ አይካድም፤ ነገር ግን ጨርቁ የሳበው ሙቀት ሁሉ ገላ ዘንድ አይደርስም። በሞቃት በረሓ ጥቁር ቀሚስ የሚለብሱትን በደዊኖች ምሥጢር ለማወቅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ልብሱ ሰፊ እስከሆነ ድረስ ጥቁር የለበሰና ነጭ የለበሰ ሰው የሚደርስባቸው ሙቀት እኩል ነው፤ ጥቁሩ የሳበው ትርፍ ሙቀት በልብሱና በገላው መካከል በሚያልፈው ነፋስ ከቆዳ ሳይደርስ ይጠፋልና። እንግዲህ ጥቁር የምታሰፋ ሴት ለልብስ ሰፊዋ ልትነግረው የሚገባት ዋናው ነገር ብብቱንና ወገቡን እንዲያሰፋላት ነው። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁር መልበስ የሟች የቅርብ ዘመድ ሥርዓት ሲሆን፣ ለጎረቤት ወይም ለዕድርተኛ ነጠላን ጥለቱን ዘቅዝቆ መልበስ የኀዘን ተካፋይነትን በበቂ ይገልጣል፤ ስለዚህ ጥቁር ቀሚስ የለኝም ብላ ከለቅሶ የምትቀር፣ ወይም ለአንድ ቀን ብላ የምትበደር እኅት ራሷን በከንቱ ታስጨንቃለች።

ነጩስ? «ነጠላ ከፀሐይ ይጋርዳል» የሚለው እምነት ከጥቁሩ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። በስሱ የተሸመነ ነጭ ጥጥ የፀሐይን ብርሃን ቢያለዝብም ቆዳን የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር በብዙ ያሳልፋል፣ ሲረጥብማ ይብሱን ያሳልፋል። ይህ ጨረር ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር፣ በየሺው ሜትር ዐሥር ከመቶ ያህል እየበረታ የሚሄድ ስለሆነ፣ ነቀምቴ ላይ ከባሕር ዳርቻ አገር አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል፣ ሻምቡ ላይ ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ ቀዝቃዛው አየር ግን ጉዳቱ እንዳይታወቅ ይሸፍነዋል። በገበያ ቀን ከጧት እስከ ማታ ቁጭ ብላ ለምትሸጥ ሴት እንግዲህ ከነጠላዋ በላይ ጃንጥላ ያስፈልጋታል፤ ነጠላዋም ቢሆን ሁለት እጥፍ ሆኖ ቢደረብ ይሻላል።

«ወለጋ ደጋ ነው፣ ወፍራም ልበሺ» ብሎ መንገደኛን መምከርም የተለመደ ነው። ነገር ግን ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ አውቶቡስ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል፤ በየሺው ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ጧት ብርድ የነበረባት መንገደኛ ሸለቆው ውስጥ በላብ ትጠመቃለች። በአንድ ወፍራም ልብስ ፈንታ ሁለትና ሦስት ስስ ልብስ ደርቦ፣ እንደ ቦታው ማውለቅና መልበስ ይበጃል።

አሁን ልብስ ሰፊዎቻችንና ሸማኔዎቻችን ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው ወደሚያምኑት ነገር እንምጣ፤ «ሞላ ላለች ሴት ጥለቱ ከአንገት እስከ እግር ቁልቁል ይውረድ፣ አግድም ጥለት ያወፍራል» ይላሉ። ይህ ምክር በፓሪስም በለንደንም ሲነገር የኖረ ነው፤ ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ሊቅ ሔርማን ፎን ሔልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1867 በጻፈው መጽሐፍ፣ አግድም መስመሮች የሞሉበት አራት ማዕዘን ለዓይን ረጅምና ጠባብ ሆኖ እንደሚታይ፣ ቁልቁል መስመሮች የሞሉበት ደግሞ ሰፊ ሆኖ እንደሚታይ ገልጦ ነበር። በእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ቶምፕሰን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በሴት ምስል ላይ ፈትኖ፣ አግድም መስመር የለበሰችው ወፍራም ሆና እንደማትታይ አረጋገጠ። ስለዚህ በታችኛው የቀሚስ ጠርዝ ዙሪያ፣ በእጅጌና በወገብ ላይ የሚዞረውን ያማረ ጥለት «አይሆንልኝም» ብላ የተወች እኅት ራሷን ያለ ምክንያት ከልክላለች። በእኔ ፍርድ የአንድን ሐበሻ ቀሚስ ውበት የሚወስነው የትከሻው ስፌት በትክክል ትከሻ ጫፍ ላይ ማረፉ ነው፤ ስፌቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ክንድ ከወረደ የቱም ጥለት አያድነውም። ልኬት ስትሰጡ ክንዳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ሰፊውም ትከሻችሁን በጀርባ በኩል እንዲለካ ጠይቁት።

የነጠላ ጫፍ ተንዠርግጎ መውረዱ የእመቤትነት ምልክት ነው የሚሉ አሉ። በእግር ለሚኬድበት ዘመን ይሁን፤ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት በሞላበት ጎዳና ግን አደገኛ ነው። በዓለም ዝነኛ የነበረችው ዳንሰኛ ኢሳዶራ ደንከን እ.ኤ.አ. በ1927 በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ የሞተችው ረጅም ሻሿ በተሳፈረችበት መኪና መንኰራኵር ተጠምጥሞ ነው። ባጃጅ ስትሳፈሩ የነጠላውን ሁለት ጫፍ ሰብስባችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ ሞተር ላይ ከሆነ ወገባችሁ ላይ አደግድጋችሁ እሰሩት። እንዲሁም «የሚቃጠለው ናይለን ነው፣ ጥጥ ምንም አይል» ብሎ ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ በነጠላ መቀመጥ ስሕተት ነው፤ ስስ ጥጥ ነበልባል ሲነካው በቅጽበት ይያያዛል፣ ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ እየቀለጡ ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ። ሲኒ የምታቀርብ ሴት ነጠላዋን ብታደገድግ ለሥራዋም ለደኅንነቷም ይስማማል።

ስለ አጠባ በአጭሩ ልናገር። በረኪና በጨመሩ ቁጥር ልብስ ይነጣል የሚለው እምነት ብዙ ነጠላ አበላሽቷል፤ በረኪና ሲበዛና ሲደጋገም የጥጡን ክር ያደክመዋል፣ የጥለቱን ቀለም ያጠፋዋል፣ ሱፍና ሐር ላይማ ጨርሶ ሊነካ አይገባም። እናቶቻችን ነጭ ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ለሸማ የሚስማማ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውኃ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ብልሃርዚያን ለመከላከል የሚረዳውን ኀይሉን የደረሱበት። ባለ ጥለት ልብስ በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ተገልብጦ በጥላ ይሰጣ።

«ሳልባጅ የለበሰ የሟች በሽታ ይወርሳል» የሚለውም ፍርሃት ከእውነት ጋር የተደባለቀ ነው። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ በአገራችን ግርሻን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ግን እንቁላሉን በስፌት ውስጥ ስለሚጥል፣ የተገዛው ልብስ ሁሉ ከመለበሱ በፊት በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ስፌት ስፌቱም በጋለ ካውያ መተኮስ አለበት። ይህ ከተደረገ በጥሩ ስፌት የተሠራ ሳልባጅ ካፖርት በርካሽ ከተሰፋ አዲስ ካፖርት ይበልጣል፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

የመጨረሻውን፣ ከሁሉም የሚያሳዝነኝን ተረት ያዘገየሁት በሰፊው ለመናገር ብዬ ነው፤ እርሱም «ጫማ ጌጥ ነው» የሚለው ነው። ከዚህ እምነት የተነሣ ከገጠር ወደ ከተማ የምትመጣ ሴት አዲሱን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀዩን ጭቃ በባዶ እግሯ ተሻግራ፣ ከከተማው በር ላይ እግሯን ታጥባ ትጫማለች፤ ከገበያ ስትመለስም አውልቃ ትሄዳለች። ባለ ተረከዝ ጫማ የምትመርጠውም የከተማ ልጅ በበኩሏ በኮብልስቶኑ ላይ ክብደቷን ሁሉ በእግር ጣቶቿ ላይ ጥላ ስትሠቃይ ትውላለች፤ ዝቅ ያለ ሰፊ ተረከዝ ለእግርም ለወገብም ይበጃል። ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም።

የዝሆኔ በሽታ በብዙ ሰፈር የእርግማን ጥላ፣ እባብ የረገጡበት መቅሠፍት ነው ይባላል፤ ይተላለፋል ተብሎም ታማሚዋ ከማዕድ ትለያለች፣ ባል ታጣለች። በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በረጅም ጥናት ያረጋገጡት ግን ይህ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው የደጋ ቀይ አፈር ጥቃቅን ማዕድናዊ ቅንጣቶች አሉት፣ ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚረግጠው ሰው ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያቈስላሉ፣ እግሩም ያብጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያለው ቀይ አፈር አገር ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው፤ ወለጋ ሁለቱም አለው። በመላው ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ ይገመታል። «በዘር ነው» የሚሉትም ከፊል እውነት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፣ ሆኖም ከአፈሩ ጋር ያልተገናኘ እግር አይታመምም። ከሰው ወደ ሰውም ፈጽሞ አይተላለፍም።

ስለዚህ የሴት ጫማ ከበዓል ቀን ይልቅ ለሥራ ቀን ያስፈልጋል። ነጠላ ጫማ አፈሩን አያስቀርም፤ ቀዳዳ የበዛበት ኮንጎም በከፊል ብቻ ይከላከላል፤ ተረከዝና ጣትን የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ለእርሻም ለገበያም ይመረጥ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ አውልቆ መግባት ሥርዓታችን ነው፣ አይለወጥም፤ ቤት ስትመለሱ እግራችሁን በውኃና በሳሙና ታጥባችሁ፣ በጣቶቻችሁ መካከል አድርቃችሁ ቫዝሊን ቀቡት። በወጣትነት የእግር መዳፍ ማሳከክና ማቃጠል፣ ማታ አብጦ ጧት የሚጎድል እብጠት ከታየባችሁ ወይም ከልጃችሁ እግር ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በጊዜ ከተያዘ በአጠባ፣ በፋሻና በጫማ ሊመለስ ይችላልና። ለሚቀጥለው ዓውደ ዓመት ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ እንደሆነ፣ እኅቶቼ፣ ቀሚሱን ለከርሞ አቆዩትና ለራሳችሁም ለሴት ልጃችሁም የተሸፈነ ጫማ ግዙ።