ባለቤቱ ሲወጣ የሚጮህ ውሻ

ውሻ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀር መጮሁን ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ ባለቤቱ ግን አያውቅም። ሲወጣ ዝም እንዳለ ይተወዋል፣ ሲመለስ ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። በኮንዶሚኒየም ነገሩ ይብሳል፤ ግድግዳው ድምፅ አያግድም፣ ደረጃው ያስተጋባል። ጎረቤት መጥቶ በር ሲያንኳኳ "የእኔ ውሻ? በፍጹም!" የሚል መልስ የሚያገኘው ባለቤቱ ስለሚዋሽ አይደለም፤ እውነትም ሰምቶ ስለማያውቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መስማት ነው። አሮጌ ስልክ ካለዎት ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርገው ወደ በሩ ያዙሩትና ይውጡ። ቀኑን ሙሉ መቅረጽ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ቁም ነገሩ በአብዛኛው ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ስልክ ከሌለ ደግሞ ጎረቤትዎን "መቼ ነው የሚጀምረው? ይጮኻል ወይስ ያላዝናል?" ብለው ይጠይቁ።

የሚሰሙት ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። ውሻው በረንዳ ላይ ቆሞ ሰው ባለፈ ቁጥር ጮኾ ዝም የሚል ከሆነ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። እኛ አገር ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ግቢ እንዲጠብቅ ነው። በጩኸቱ ሲመሰገን የኖረ እንስሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለወጣ ብቻ አመሉን አይተውም። በረንዳውን መዝጋት፣ መስኮቱን መጋረድ፣ ከደረጃው ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ ማዋልና የኮቴ ድምፅ እንዲሸፍን ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት ብዙውን ያቃልላል።

ከሰዓታት በኋላ ጀምሮ በአንድ ዓይነት ቃና የሚነዘንዝ ውሻ ሥራ ፈት ነው። ጠዋት ወጣ አድርገው ያንሸራሽሩት፤ ቁርሱንም ሳህን ላይ ከማቅረብ ይልቅ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው ፈልፍሎ እንዲያወጣው ያድርጉ። የወጥ ትርፍራፊ ግን አይስጡት፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰነጣጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው። በሩ ገና እንደተዘጋ ውሻው መንጎራደድ ይጀምራል፣ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ በሩን ይቧጭራል፤ ከቤት ውጭ መጸዳዳት የለመደው እንስሳ ምንጣፉ ላይ ይሸናል። ከዚያ ያላዝናል። የውሻ ማላዘን በብዙ ሰው ዘንድ የሞት ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ጎረቤት ከጩኸቱ ይልቅ በዚህ ይከፋል። ተኩላዎች ግን ከመንጋቸው ሲለዩ የሚጠራሩት በዚሁ ድምፅ ነው። ውሻውም ሰዎቹን እየተጣራ ነው።

ማታ ተመልሶ መግረፍ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው፤ የጠዋቱን ጩኸት ከማታው ዱላ ጋር አያገናኝም። "ጥፋቱን አውቆ አቀረቀረ" የሚሉ አሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ውሾች ያንን አንገት የመድፋት ሁኔታ ያሳዩት በባለቤታቸው ቁጣ የተነሣ እንጂ በማጥፋታቸው እንዳልነበረ አሳይታለች፤ ምንም ያላጠፉትም ሲቆጧቸው አቀርቅረዋል። ሲጮህ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያም መፍትሔ አይደለም። ድምፁን ቢያፍነው እንኳ ፍርሃቱን ይጨምራል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ያለውን ማሰሪያ በሕግ ከልክላለች።

የሚሠራው ዘዴ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሻው መውጣትዎን የሚያውቀው በሩ ሲዘጋ አይደለም፤ ጫማ ሲያደርጉ፣ ቦርሳ ሲያነሡ፣ በተለይም ቁልፍ ሲንኳኳ ልቡ ይመታል። መጀመሪያ ይህን ያደናግሩበት። ቁልፉን ያንሡና ቡና ያፍሉ። ጫማዎን አድርገው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጡ። በቀን ጥቂት ጊዜ ይህን ሲደጋግሙ ቁልፉ የመለየት ምልክት መሆኑ እየቀረ ይሄዳል፤ ውሻው ኮሽታውን ሰምቶ ቀና ብሎ አይቶ ተመልሶ ሲተኛ ወደ በሩ ይለፉ።

በሩን ከፍተው ይውጡ፣ ይዝጉ፣ አምስት ሰከንድ ቆይተው ይግቡ። ቀጥሎ አሥር፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ ደቂቃ። ዋናው ደንብ ውሻው ከመጨነቁ በፊት መመለስ ነው። ከጮኸ፣ አርዝመውበታል ማለት ነውና በሚቀጥለው ያሳጥሩ። ሁልጊዜ ማርዘምም ጥሩ አይደለም፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ወደ ሃያ ሰከንድ መመለስ ያረጋጋዋል። ሲወጡም ሲገቡም ስንብትና አቀባበል አያብዙ። ግማሽ ሰዓቱን በሰላም ያለፈ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ይለምዳል፤ እስከዚያ ያለው ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

በእነዚህ ሳምንታት ውሻውን ከሚችለው በላይ ብቻውን መተው የተገነባውን ያፈርሳል። ቤት የሚውሉ አያት፣ የሰፈር ልጅ ወይም የግቢው ዘበኛ አብሮት ቢውል ብዙ ነው። ሁለተኛ ውሻ ማምጣትን ግን አልመክርም፤ የናፈቀው ሰው ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትርፍ ሁለት የሚጮሁ ውሾች ነው።

ጭንቀቱ በሩን እየነከሰ ጥርሱን እስኪሰብር፣ ጥፍሩን እስኪያደማ ከደረሰ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይሂዱ። በአሜሪካ ለዚሁ ችግር ለውሻ የተፈቀዱ ክሎሚፕራሚንና ፍሉዎክሰቲን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሁለቱም ከሥልጠናው ጋር የሚሰጡ ናቸው እንጂ ሥልጠናውን አይተኩም። ለሰው የታዘዘ ክኒን ከመሳቢያ አውጥተው በግምት አይስጡት።

ቡችላ ለማምጣት ያሰባችሁ ደግሞ፣ ሁላችሁም ቤት የምትውሉበትን የዕረፍት ሳምንት በእጃችሁ አቅፋችሁት አትጨርሱት። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ክፍል እየተዋችሁት ብቻውን መሆንን አለማምዱት።