አረጋውያንን ከጨዋታ አናርቃቸው

በአገራችን ሽማግሌን ማክበር የቆየ ልማድ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ወጣት ከመቀመጫው ይነሣል፤ የተጣላ ቢኖር የሚታረቀው በሽማግሌ ነው፤ ግብዣም ቢሆን ያለ ምርቃት አያምርም። ነገር ግን ያው የተከበረው ሽማግሌ አንዱን ነገር ሁለትና ሦስት ጊዜ መጠየቅ ሲጀምር፣ የሰው ስም ሲጠፋበት፣ ዕቃ ያኖረበትን ሲረሳ፣ «ጃጅተዋል» እንልና ነገሩን በዚሁ እንዘጋዋለን። ከዚያ ወዲያ ምክር የሚጠይቀው የለም፤ ጨዋታ ሲጀመርም ጥግ ይዞ እንዲቀመጥ ይተዋል።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እንዲህ ያለው መርሳት የዕድሜ ጣጣ ብቻ ሳይሆን በሽታ ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ገና በጅምሩ ሳለ በሥርዓት የተዘጋጀ ጨዋታ እንደ ሕክምና የሚያገለግል መሆኑን ነው።

አልዛይመር የተባለው በሽታ ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ይመረምር ነበር። (ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ዕቃ አሳይቶ ስሙን ሲጠይቃት ትመልሳለች፤ ጥቂት ቆይቶ ምን እንዳሳያት ሲጠይቃት ግን ፈጽሞ ረስታዋለች። ሴትዮዋ በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። በሕዋሳቱ መካከል የረጋ ዝቃጭ፣ በሕዋሳቱም ውስጥ እርስ በርሱ የተወሳሰበ ክር መሰል ነገር አገኘ። በዚያው ዓመት በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ያየውን ገለጸላቸው፤ በ1910 ደግሞ ኤሚል ክሬፐሊን የተባለው ሊቅ በመጽሐፉ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን የሚሆን ሰው የመርሳት በሽታ ነበረበት፤ ከእነዚህም ከ100 ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ ከ100 ከ60 እስከ 70 ያህሉን የሚይዘው አልዛይመር ነው። ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አንችልም።

ሆኖም የረሳ ሁሉ አልዛይመር ይዞታል ማለት አይደለም። ኀዘንና ድባቴ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ተላላፊ በሽታ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ እንዲሁም የጆሮና የዓይን መድከም ሰውን የረሳ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ይታከማሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሐኪም ማማከር ነው። በአውራጃችን ሰው የሚመረመርበት ሆስፒታል በደብረ ብርሃን አለ፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው ግቢው የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

አሁን ደግሞ በሽታው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር ተቀብሎ የሚያኖረው የአንጎል ክፍል ነው፤ ሊቃውንቱ ሂፖካምፐስ ይሉታል። ይህን በጎተራ ልመስለው። አዲሱ እህል የሚገባበት አፍ ተበላሽቷል፤ ከሥር ያለው የቆየ እህል ግን ገና ደኅና ነው። ሰውየው ዛሬ ጠዋት ምን እንደ በላ አያውቅም፤ የልጅነቱን ጨዋታ፣ የሠርጉን ቀን፣ የእርሻውን ሥራ ግን ያውቃል። እጁም የለመደውን ሥራ አልረሳም። እያደር በሽታው ወደ ታችኛው እህል ይወርዳል። እንግዲህ አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ ሥራው መጀመር ያለበት በሽታው በቀላል ደረጃ ላይ ሳለ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለሚረሱ አረጋውያን ቀኑንና ቦታውን ደጋግሞ የመንገር ዘዴ ተጀምሮ ነበር። ዘዴው ጥቅም ቢኖረውም፣ በደረቁ ሲሠራበት ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ተማሪ ማረምና ማሳፈር ሆነ። ከዚህ በኋላ በእንግሊዝ አገር ኤሚ ስፔክተር፣ ማርቲን ኦረል፣ ቦብ ዉድስና ባልደረቦቻቸው ከቀድሞዎቹ ዘዴዎች የሚጠቅመውን መርጠው አእምሮን የማነቃቃት ሕክምና የሚባለውን አዘጋጁ። በ2003 ባወጡት ጥናት 201 አረጋውያንን በሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ7 ሳምንት፣ በጠቅላላው 14 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ45 ደቂቃ እንዲሰበሰብ አደረጉ። በመጨረሻ ሲመረመሩ፣ የተሰበሰቡት ካልተሰበሰቡት ይልቅ በማስታወስና በማሰብ ተሽለው ተገኙ፤ ኑሯቸውንም ከቀድሞው አብልጠው ወደዱት። ከ2006 ጀምሮ የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ በሽታው ቀላልና መካከለኛ ለሆነባቸው ሰዎች ይህን ዘዴ ይመክራል።

ስብሰባው እንዲህ ነው። ከ5 እስከ 8 የሚሆኑ አረጋውያን ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሰዎች ይመሯቸዋል። ማኅበራቸው ራሳቸው ያወጡለት ስም አለው። መጀመሪያ ለስላሳ ኳስ እየተቀባበሉ ስማቸውን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ የመረጡትን ዘፈን አብረው ይዘፍናሉ፤ ስለ ቀኑና ስለ አየሩ፣ ስለ አገር ወሬም ጥቂት ይጨዋወታሉ። ከዚህ በኋላ የዕለቱ ዋና ሥራ ይመጣል፤ አንድ ቀን ስለ ልጅነት፣ አንድ ቀን ስለ ምግብ፣ ሌላ ጊዜ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ቃላት ጨዋታ ይሆናል። በየጊዜው መክፈቻውና መዝጊያው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፣ የሚረሳው ሰው እንኳ ቦታውን ይለምደዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን ሰውን ስለሚያስታውሰው ሳይሆን ስለሚያስበው መጠየቅ ነው። እኛ ሳናውቀው አረጋውያንን ስንፈትን እንውላለን። «እማማ፣ እኔ ማን ነኝ? ትናንት ማን መጣ? ረሱት እንዴ?» እንላለን። ይህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ያላወቀው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። በዚህ ፈንታ «እማማ፣ የድሮ ሠርግ ይሻላል ወይስ የዛሬው?» ብንላቸው ስሕተት የሚሆን መልስ የለም። ለመመለስ ግን ማሰብ፣ ቃል መምረጥና ሁለት ነገር ማወዳደር ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሁሉ የአእምሮ ሥራ ነው።

ይህ ዘዴ ማንበብና መጻፍ ለማያውቅ አረጋዊ አይሆንም የሚል ሰው ቢኖር፣ በታንዛንያ የተደረገውን ይመልከት። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሃይ ወረዳ ዘዴውን ለገጠር ሰው እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። ብዙዎቹ አረጋውያን ትምህርት ቤት ያልገቡ ስለ ነበሩ፣ ጽሑፍ የሚጠይቀውን ትተው በአገሩ ዕቃ፣ በአገሩ ምግብና ዘፈን ተኩ። በ2017 በታተመው ጥናት 34 ሰዎች ተካፍለው የማሰብ ችሎታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል።

በእኛም አገር መሣሪያው አልጠፋም። ብርዱ ከባድ በሆነው በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ባና የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ ባናውን አስዳስሶ ስለ ሱፍ መፍተልና ስለ ሽመና ማጫወት ይቻላል። የንጉሡን ዘመን ስሙኒ በእጃቸው ሰጥቶ «ያኔ በዚህ ምን ይገዛ ነበር? የዛሬውን ገበያ እንዴት ያዩታል?» ማለት ከትናንት ወደ ዛሬ ያሻግራቸዋል። የተረትና ምሳሌን ግማሽ ተናግሮ ግማሹን ለእነርሱ መተው፣ እንቆቅልሽ መጠያየቅ፣ ገበጣ መጫወት፣ ቆሎን ከሽንብራና ከስንዴ መለየት ሁሉ ይጠቅማል። ቀኑንም «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ከመፈተን «ዛሬ ሚካኤል አይደል? የሚካኤል ለት ምን ይዘጋጅ ነበር?» ማለት ይሻላል። ለሙስሊም አባቶችና እናቶች ደግሞ ጁምዓና ረመዳን እንዲሁ ያገለግላሉ።

ይህን ስጽፍ በመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ አይደለም። አያቴ የሚኖሩት ከአንኮበር ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባለፈው ዓመት የመረመሯቸው ሐኪም፣ ሕመሙ አልዛይመር እንደ ሆነና ገና ቀላል ደረጃ ላይ እንዳለ ለእናቴ ነገሯት። እማማ ከዚያ አስቀድሞ ከሰንበቴያቸው ቀርተው ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «አንድ ነገር ስደጋግም ሰው ሲሣሣቅ አየሁ፤ እንግዲህ ሰው መካከል ገብቼ ምን ልበል?» አሉ። በእኔ አስተያየት ከመርሳቱ ይልቅ የጎዳቸው ይህ ነው። እናቴ ሐኪሙን አማክራ፣ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ሆና፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቡና ሲፈላ ሌሎች አራት አረጋውያን እየጠራች ታጫውታቸዋለች። አንድ ቀን ሁለት ዓይነት ገብስ በሰፌድ ቀርቦላቸው ነበር። እማማ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ለበሶ የሚሻለው የትኛው፣ ለጠላ የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ ለእኛ ለልጆቹ ከነምክንያቱ አስረዱን። ከአረጋውያኑ አንዱ «የለም፤ ተሳሳትሽ» ብለው ተከራከሯቸው። እማማም እንደ ጥንቱ አልረታም አሉ። የምትመራው እናቴ ለዚህ የሠለጠነች ስላልሆነች ሙሉው ሕክምና ነው አልልም፤ እማማም ዛሬ ድረስ ይረሳሉ፤ ወደ ሰንበቴያቸው ግን ተመልሰዋል።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላጋንነው ወሰኑን ደግሞ ልግለጽ። ይህ ሕክምና በሽታውን አያድንም፤ በአንጎል ውስጥ የሚደረገውን ጉዳት እንደሚያቆምም አልተረጋገጠም። የሐኪምን መድኃኒትም አይተካም። ከዚህም ሌላ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። እነዚያው የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት፣ አንድ አስታማሚ በቤቱ አንዱን በሽተኛ ብቻ እንዲያጫውት አድርገው 356 ጥንዶችን ፈትነው ነበር። ቤት ለቤት የተደረገው ጨዋታ እንደ ማኅበሩ ጨዋታ የማሰብን ኃይል ሲያሻሽል አልተገኘም። ነገር ግን በሽተኛው ከአስታማሚው ጋር ያለው መቀራረብ ተሻሻለ፤ የአስታማሚውም ኑሮ ቀለል አለው። ከዚህ የምንረዳው፣ ቤት ውስጥ ከአያታችን ጋር መጫወት መልካም ሆኖ፣ እርሱ ግን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲከራከር፣ ሲሣሣቅ፣ ተራውን ሲጠብቅ አእምሮው የሚሠራው ሥራ ይበዛል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

እንግዲህ ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዕድሩና የቡናው ጉባኤ ለአረጋውያን ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደሉም። የአንድ ሰው መርሳት ከታወቀ በኋላ ከእነዚህ እንዲቀር ማድረግ፣ ለዕረፍቱ ታስቦም ቢሆን፣ የሚጠቅመውን መውሰድ ነው። በ2024 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ጉባኤ ዘገባ፣ በመርሳት በሽታ የመያዝን ዕድል ከሚጨምሩ 14 ምክንያቶች መካከል ከሰው መገለልን፣ የጆሮ መድከምን፣ የደም ግፊትንና በልጅነት ትምህርት ማጣትን ቆጥሯል። ስለዚህ ዛሬ ደብተራችንን ይዘን የምንደክመው ድካም ለነገው ፈተና ብቻ ሳይሆን ለእርጅናችንም ስንቅ ነው።

ለወላጆች የማሳስበው፣ መርሳት የጀመረ አባት ወይም እናት ካለ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ለሐኪም እንዲያሳዩ፣ ከማኅበራቸውም እንዳያስቀሩ ነው። መምህራኖቻችን ደግሞ የትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክበብ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተማክሮ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲህ ያለ የአረጋውያን ጉባኤ እንዲያቋቁም ቢረዱን፣ ሁለት አስተናባሪ፣ ጥቂት ወንበርና ቡና ይበቃል። እኛ ተማሪዎችም ከዛሬ ጀምሮ «ረሱት እንዴ?» የሚለውን ቃል ትተን፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» እያልን መጠየቅን እንልመድ። መልሱም ቢረዝም፣ ቢደጋገምም፣ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለን እንስማ።