የ2 ዩሮው ቢራ 10 ዩሮ ሲሸጥ ትርፉ የማን ነው?

ቦታው ብራሰልስ ነው፤ ግራን ፕላስ ከሚባለው ዝነኛ አደባባይ ጀርባ ያለ አንድ መጠጥ ቤት። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢና መርካቶ በአስመጪነት የሚሠሩ አንድ የጉዞ ጓደኛው የመጠጥ ዝርዝር ቀርቦላቸው ያገላብጣሉ። ዝርዝሩ እንደ መጽሐፍ የወፈረ ነው። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ "ዌስትፍሌተረን 12" የሚል ስም ሰፍሯል። ዋጋው በአጠገቡ ከተዘረዘሩት ቢራዎች ከእጥፍ በላይ ነው።

"ምን ቢጨመርበት ነው?" ሲሉ ነጋዴው ጠየቁ።

"ቢራው ያው ነው። መነኮሳቱ ዘንድ ርካሽ ነው፤ እዚህ ግን በዚህ ዋጋ ነው" አለ አስተናጋጁ።

"እንግዲያው መጀመሪያ የፋብሪካ ዋጋውን እንወቅ" አሉና ዝርዝሩን አጠፉት።

ለመሆኑ የአንድ ጠርሙስ ቢራ ዋጋ በአምራቹ በርና በመጠጥ ቤቱ መካከል ይህን ያህል የሚራራቀው ለምንድን ነው? ልዩነቱስ ወደ ማን ኪስ ይገባል? ጥያቄው ከቢራ ያለፈ ነው። ዕቃ በጠፋበት ገበያ ዋጋ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ለሚሻ ነጋዴ ዌስትፍሌተረን ጥሩ ማሳያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መነኮሳቱና ቢራቸው

ዌስትፍሌተረን በቤልጂየም ምዕራባዊ ጫፍ፣ ለፈረንሣይ ድንበር ቅርብ የሆነች የገጠር መንደር ናት። በ1831 የተመሠረተው የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም የሚገኘው በዚያ ነው። መነኮሳቱ ትራፒስት ይባላሉ፤ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጥብቅ ሥርዓታቸው የሚታወቁና በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ሸማቹን ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። በቤልጂየም በጠርሙሱ ላይ የገዳም ስም ያለበት ቢራ ሁሉ መነኮሳት የጠመቁት አይደለም። ለምሳሌ ሌፍ የተባለው ቢራ የገዳም ስም ይዟል፤ ባለቤቱ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሉቨን ከተማ የሚገኘው፣ በ2008 የአሜሪካውን አንሃይዘር ቡሽ፣ በ2016 ደግሞ ሳብሚለርን የጠቀለለው ኤቢ ኢንቤቭ ነው። እውነተኛው ትራፒስት የሚለየው በ1997 በተቋቋመው የትራፒስቶች ማኅበር ባለ ስድስት ማዕዘን ምልክት ነው። ምልክቱን ለማግኘት ቢራው በገዳሙ ክልል ውስጥ፣ በመነኮሳቱ ቁጥጥር ሥር መጠመቅ አለበት። ገቢውም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት መዋል ይኖርበታል። የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም ይህን ምልክት ከያዙት አንዱ ነው።

ፍላጎት ሲንር አቅርቦት ባለበት

በ2005 ሬትቢር የተባለው የቢራ ቀማሾች መድረክ ዌስትፍሌተረን 12ን የዓለም ምርጥ ቢራ ብሎ ሰየመው። ወሬው እንደተሰማ መኪኖች በገዳሙ በር ተሰለፉ። ሌላ አምራች ቢሆን ኖሮ ከሁለት አንዱን ያደርግ ነበር፤ ወይ ምርቱን ያሳድጋል፣ ወይ ዋጋውን ይሰቅላል። መነኮሳቱ ሁለቱንም አላደረጉም። የሚጠምቁት ለመኖር የሚበቃቸውን ያህል እንደሆነ ተናገሩ። ምርታቸው ለረጅም ዓመታት በዓመት ከ60 ሺህ ሳጥን ገደማ አላለፈም፤ ይህም ወደ 4,750 ሄክቶ ሊትር መሆኑ ነው።

በኢኮኖሚክስ እንደሚታወቀው ዋጋ ገበያው ከሚሸከመው በታች ሲወሰን ልዩነቱ የትም አይጠፋም። ወይ ወረፋ ሆኖ የገዢውን ጊዜ ይበላል፣ ወይ መልሶ ሻጭ ኪስ ይገባል። መነኮሳቱም ይህን በመገንዘብ ሽያጩን በሥርዓት አሰሩት። ገዢ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ቀን ይይዝ፣ የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር ያስመዘግብ ነበር፤ የሚሰጠው ሳጥን የተቆጠረ ነበር፤ ለሌላ ላለመሸጥም ቃል ይገባ ነበር። መስመሩ በጣም ከመጨናነቁ የተነሣ ስልኩን ማግኘት በራሱ ዕድል ነበር። በ2019 ስልኩ በኢንተርኔት ማዘዣ ተተካ። አንዱ ምክንያት መልሰው የሚሸጡትን ለይቶ ለማወቅ ነበር።

በመሐል ያሉት እጆች

ይሁንና ቃል በገበያ ፊት ሁልጊዜ አይጸናም። በ2018 አንድ የኔዘርላንድ ሱፐርማርኬት ያለ ገዳሙ ፈቃድ ይህንኑ ቢራ ጠርሙሱን በ9 ዩሮ ከ95 ሳንቲም ለሽያጭ አቀረበ። በገዳሙ በር ያው ጠርሙስ ከ2 ዩሮ በታች ነበር። መነኮሳቱ ተቆጡ፤ ነገሩም የጋዜጣ ርዕስ ሆነ።

ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ጠርሙስ ላይ ወደ 8 ዩሮ ልዩነት አለ። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ስለሚይዝ በሳጥን ከ190 ዩሮ በላይ መሆኑ ነው። ሱፐርማርኬቱ ከገዳሙ በቀጥታ ስላልገዛ ይህን ሁሉ ብቻውን አልበላም። ሰሌዳ እያስመዘገበ ሁለት ሁለት ሳጥን ከሚያወጣው ጀምሮ ያንን እስከሚያሰባስበው ድረስ በመሐል ያሉ እጆች ተካፍለውታል። ከአትራፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ቢራውን የጠመቀው ገዳም ብቻ ነው።

መነኮሳቱ ገበያ አያውቁም የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ገዳማቸውን ለማደስ ገንዘብ ባስፈለጋቸው ጊዜ ስድስት ጠርሙስና ሁለት ብርጭቆ በአንድ ጥቅል አድርገው በኅዳር 2011 በቤልጂየሙ ኮልሩይት ሱፐርማርኬት በ25 ዩሮ አቀረቡ። ከ90 ሺህ በላይ ጥቅል በጥቂት ጊዜ ውስጥ አለቀ። በ2012 መጨረሻ ያው ጥቅል አሜሪካ ሲደርስ ዋጋው 85 ዶላር ገደማ ነበር። ጣሪያውና ግድግዳው ሲጠገን ወደ ቀድሞው ሥርዓታቸው ተመለሱ። ስለዚህ ዝቅተኛው ዋጋ አውቀው የመረጡት ነው፤ ምርጫውም ወረፋንና መልሶ ሻጭን አብሮ እንደሚያመጣ ያውቃሉ።

ለመንገደኛ የሚሆን

ከብራሰልስ ወደ ፖፐሪንገ በባቡር ይኬዳል። የመስመሩ መጨረሻ ናት፤ ዙሪያዋም የጌሾ ተክል ነው፤ የእኛው ጌሾ ሳይሆን ፈረንጆቹ ለቢራ የሚጠቀሙበት። ከዚያ ወደ ገዳሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ከገዳሙ ፊት ለፊት "ኢን ደ ቭሬደ" የሚባል ቡና ቤት አለ። ሳጥን ያላስመዘገበ መንገደኛ እዚያ ተቀምጦ በብርጭቆ መጠጣት ይችላል።

ነጋዴው ጓደኛችን እዚያ ቀመሱት። ጥቁር ቡናማ ነው፤ አረፋው ወፍራም፣ ጣዕሙ ዘቢብና የተቃጠለ ስኳር የተቀላቀለበት። የአልኮል መጠኑ 10.2 በመቶ በመሆኑ አገር ቤት ከለመድነው ቢራ እጥፍ ነው። እንደ ጠጅ ቀስ እየተባለ የሚጠጣ እንጂ ለጥም የሚጨለጥ አይደለም።

ቀጥሎ ከዚያው አካባቢ ከዋቱ መንደር የሚወጣ "ሲንት በርናርዱስ አብት 12" የተባለ ቢራ ሞከሩ። ይህ ፋብሪካ ከ1946 እስከ 1992 ድረስ በቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም ፈቃድ የገዳሙን ቢራ ሲጠምቅ የነበረ ነው። ፈቃዱ ሲያበቃ በራሱ ስም ቀጠለ። ዛሬ ቢራው ያለ ወረፋና ያለ ሰሌዳ ቁጥር በየመደብሩ በተራ ዋጋ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም አይባልም፤ ጓደኛችን ግን ሁለቴ ከቀመሱ በኋላ "ለስሙ ካልሆነ በቀር ልዩነቱን በአምስት እጥፍ አልገዛውም" አሉ።

ይህ አባባል ለማንም ነጋዴ የሚጠቅም ነው። ብርቅ የተባለ ዕቃ ዋጋ ሲንር አስቀድሞ መፈለግ ያለበት በቅርብ የሚተካው ዕቃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በፋብሪካ በርና በሱቅ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማን እንደሚወስደው ማወቅ ነው። ሲሚንቶና ስኳር በተወሰነ ዋጋ ሲታደሉ ያየ የአገራችን ገዢ ይህን ሒሳብ ከቤልጂየም መማር አያሻውም። መነኮሳቱ ግን አንድ ነገር ያስተምሩታል፤ ርካሽ ዋጋ ለሚጠጣው ሰው እንዲደርስ ከተፈለገ ዋጋውን መወሰን ብቻውን አይበቃም፤ ሳጥኑ ከበር ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል ያስፈልጋል። እነሱ እንኳ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ከበራቸው ያመለጠው ሳጥን ድንበር ተሻግሮ ተገኝቷል።