ኩሬው ውስጥ የሚሆነውን ማን ያያል?

የማቻክል ወረዳ ገበሬ በሬው መታመሙን ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም። ጆሮው ሲወድቅ፣ ማመስኳቱን ሲተው፣ ጭድ ቀርቦለት ፊቱን ሲያዞር ያየዋል። ከመንጋው ወደኋላ የቀረችውንም በግ እረኛው ገና ከሩቅ ይለያታል። ይኸው ገበሬ አማኑኤል ከተማ ዳር ካለው ማሳው ላይ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ኩሬ ቆፍሮ ሁለት መቶ የዓሣ ጫጩት ቢጨምርበት ግን ያ ሁሉ እውቀት ውኃው ዳር ላይ ይቆማል። ዓሣ አያገሣም፣ አያነክስም፣ ከደጅ መጥቶ አይጮኽም። ብዙ ጊዜ ችግር መኖሩ የሚታወቀው ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ሲንሳፈፍ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ይህ ጭንቀት የኖርዌይን ዓሣ አርቢዎች ቀድሞ ይዟቸዋል። በ1970 እ.ኤ.አ. ሂትራ በተባለች ደሴት ሁለት ወንድማማቾች ሳልመን የተሰኘውን ዓሣ ባሕር ላይ በተንሳፈፈ መረብ ውስጥ አርብተው ተሳካላቸው። ዛሬ እዚያ አገር አንድ የመረብ በረት እስከ 200,000 ዓሣ እንዲይዝ ይፈቀዳል። ይህን የሚያህል መንጋ በዓይኑ የሚጠብቅ እረኛ የለም። በዚያ ላይ የዓሣ አርቢ ትልቁ ወጪ መኖ ነው። ዓሣው ከጠገበ በኋላ የተበተነ መኖ ሰምጦ ይበሰብሳል፤ ገንዘቡም ይባክናል፣ ውኃውም ይበላሻል። ስለዚህ ዓሣው መቼ ጠገበ፣ መቼ ደነገጠ፣ መቼ ትንፋሽ አጠረው የሚለውን ከውኃው በታች ሆነው የሚጠብቁ መሣሪያዎች ተሠሩ።

የመጀመሪያው ካሜራ ነው። ውኃ በማያስገባ መያዣ ታሽጎ መረቡ ውስጥ ይንጠለጠላል። ሳይበላ ወደ ታች የሚወርደውን መኖ ያሳያል፤ ብዛቱ ሲጨምር መጋቢው ማሽን ይቆማል። እንደ ሰው ዓይን ጎን ለጎን ሁለት ሌንስ ያለው ካሜራ ደግሞ ርቀትን ስለሚለካ የዓሣውን ርዝመት ሳይነካው ይገምታል፤ ከርዝመቱም ክብደቱ ይሰላል። ምስሉን የሚያነብ ኮምፒውተር ዓሣው በጭንቅላቱ ጎን ያለውን የስንጥቡን ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ መቁጠር ይችላል። ይህ የዓሣ አተነፋፈስ ነው፤ ሲፈጥን አንድ ነገር አለ።

ካሜራ ግን የጠራ ውኃ ይፈልጋል። የእኛ አገር የዓሣ ኩሬ ፍግ ተጨምሮበት አረንጓዴ እንዲሆን የሚደረግ ነው፤ አረንጓዴው ደቂቅ ዕፅ ለዓሣው ምግብ ነውና። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጮቄ ተራራ ሥር የሚወርደው ጎርፍ ወንዙን ሁሉ ያደፈርሳል። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ካሜራ ክንድ የሚያህል ርቀት እንኳ ላያይ ይችላል።

እዚህ ላይ ድምፅ ብርሃንን ይተካል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ድፍርስም አያግደውም። መሣሪያው ድምፅ ይልክና ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ከዓሣው አካል ድምፁን ከሁሉ አጉልቶ የሚመልሰው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። በዚህ ዘዴ መንጋው በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ይታያል፤ ሲርበው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲጠግብ ወደ ታች ይወርዳል። ሽሪምፕ በሚያረቡ አገሮችማ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ማይክሮፎን እንስሳቱ መኖውን ሲቆረጣጥሙ የሚያሰሙትን ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ሲቀንስ መኖው ይቆማል።

ሌላው መንገድ ምልክት ማድረግ ነው። ዓሣው በማደንዘዣ ተኝቶ ጣት የማታህል መሣሪያ ሆዱ ውስጥ ትሰፋለታለች። የራዲዮ ሞገድ ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሞት መልእክቷን የምትልከው በድምፅ ነው፦ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ። ጉድለቷ ከሺዎች መካከል የምትናገረው ስለ ጥቂቶች ብቻ መሆኑ ነው። ተቀዶ የተሰፋ ዓሣ ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ጓደኞቹ ላይሆን ይችላል።

እነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች ያያሉ እንጂ አይተረጉሙም። ትርጉሙ የሚገኘው የዓሣውን ጠባይ ከሚያውቅ ሰው ነው። በጣና የታወቁትን ሁለቱን፣ ቆሮሶንና አምባዛን እንውሰድ። ጎሕ ሳይቀድ ቆሮሶዎች ውኃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ቢከፍቱና ቢዘጉ አደጋ ነው። ሌሊቱን ፀሐይ ስለሌለ አረንጓዴው ደቂቅ ዕፅ ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ ራሱ ሲወስድ ያድራል፤ ስለዚህ ውኃው ከሁሉ ሰዓት ይልቅ የሚደኸየው ንጋት ላይ ነው። አምባዛ ብቅ ብሎ አየር ቢጎርስ ግን ምንም አልሆነም። ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚስብበት ክፍል ስላለው ተፈጥሮው ነው። አንዱን ዓይነት ብቻ እንዲያውቅ የተዘጋጀ ኮምፒውተር አምባዛው ሁሉ እየሞተ ነው ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

መኖ የተወች ቆሮሶም ሁልጊዜ በሽተኛ አይደለችም። ሴቲቱ እንቁላሏን የምታቅፈው በአፏ ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ አትበላም። ወንዱ ኩሬው ወለል ላይ ክብ ጉድጓድ ሲቆፍር ቢታይም እየተረበሸ ሳይሆን ጎጆ እየሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ አርቢ የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ኩሬው በጫጩት ሞልቶ ዓሣው ሁሉ ድንክ ሆኖ እንዳይቀር።

ወደ አማኑኤል እንመለስ። ባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ሥራው በአብዛኛው በጣና ዙሪያ ነው፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአማኑኤል ጎረቤት ደብረ ማርቆስ ያለችው 2,446 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ የብርድ ነው። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሆነ ውኃ ይወዳል፤ ከ20 ሲወርድ እድገቱ ይጓተታል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መኖ ይተዋል፤ ከ12 በታች ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ከቢቸና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ቆላው ለዚህ ዓሣ ይስማማል፤ ደጋው ግን ይፈትነዋል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ከካሜራውም ከድምፅ መሣሪያውም በፊት የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር ነው።

ቀሪውም በእጅ ባለ ነገር ይሠራል። በ1865 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ቄስ አንጀሎ ሴኪ የባሕርን ጥራት የለካው ክብ ሰሌዳ በገመድ አውርዶ የሚሰወርበትን ጥልቀት በማየት ነበር፤ ነጭ ሳህንም ይህን ያደርጋል። የኑግ ፋጉሎውን ወይም ፉርሽካውን ዝም ብሎ ከመበተን በትሪ አድርጎ በገመድ ማውረድና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥቶ ማየት፣ የኖርዌዩ ካሜራ የሚሠራውን ዋና ሥራ ይሠራል፤ ትሪው ላይ የተረፈ ካለ ነገ ይቀነሳል። ንጋት ላይ ኩሬው ዳር ቆሞ መመልከት ደግሞ ኦክስጅን መለኪያ ላልገዛ ሰው ዋነኛው ማስጠንቀቂያ ነው።

በአማኑኤልም ሆነ በሞጣ ኩሬ ለመቆፈር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ በታኅሣሥ ውርጭ ጎሕ ሲቀድ በአቅራቢያችሁ ካለ የውኃ ማቆሪያ ውስጥ ቴርሞሜትር ክንድ ያህል አውርዳችሁ ለሳምንት ያህል በየቀኑ ጻፉ። ቁጥሩ ከ16 በታች እየሆነ ከቀጠለ፣ ለቆሮሶ ብላችሁ አካፋ አታንሡ።