በማን ቁና እንሰፈር?

ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ነው። የስናን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች የደጋ ከተማ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዕለተ ሮብ ድንቹና ገብሱ በአህያ ተጭኖ፣ በጉ እየተነዳ፣ ጋቢ የደረበው ሕዝብ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ ላየ ሰው ብርዱ ይረሳዋል።

እኛም በዚያ በኩል ስናልፍ ከገብስ ተራ ጥቂት ቆመን ነበር። አንዲት ወጣት ገዢ ከአንዲት ጠና ካሉ ሴት ጋር ትከራከራለች።

«እታለም፣ በአንቱ ቁና አልገዛም፤ ይኸ ያንሳል።»

«የኔ ልጅ፣ ቁናው ከእናቴ የወረስሁት ነው። እስከ ዛሬ ማንንም በድሎ አያውቅም።»

«በአንቱ ቀበሌ ይሆናላ! የኛ ሌላ ነው።»

ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ገብሱም ያው ገብስ ነው። የተለያየው መስፈሪያው ብቻ ነበር። በመጨረሻም ከጎረቤት ነጋዴ ሁለቱም የሚያምኑት ቁና መጣና ጠቡ በረደ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ከአጠገባችን የተቀመጠ ተማሪ ከኪሱ የላቦራቶሪ ወረቀት አውጥቶ አሳየን። በወረቀቱ ላይ የእርሱ የደም ውጤት በቁጥር ተጽፏል፤ ከጎኑም «ጤነኛ ሰው ከዚህ እስከዚህ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ሰፍረዋል። የእርሱ ቁጥር ከታችኛው ጥቂት ዝቅ ይላል። ልጁም፣ «ወንድሜ፣ ይኸ ጤነኛ የተባለው ሰው ማነው?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የዓለም የላቦራቶሪ ሊቃውንት ብዙ ዘመን የደከሙበት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ራልፍ ግሬስቤክና ኒልስ ኤሪክ ሳሪስ የተባሉ ሁለት የፊንላንድ ሊቃውንት፣ «ትክክለኛ ቁጥር» የሚለው አነጋገር እንዲቀርና በምትኩ «የማመሳከሪያ ቁጥር» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸውም ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን፣ በአንድ ቦታ ከሚኖሩ በጥንቃቄ ከተመረጡ ሰዎች የተለካ ስለ ሆነ ነው።

አለካኩም እንዲህ ነው። ቢያንስ 120 ጤነኞች ተመርጠው ደማቸው ይመረመራል። ውጤቱ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ይደረደርና ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ጥቂቱ ተቆርጦ የመካከለኛው 95 በመቶ ይያዛል። እንግዲህ በዚህ አሠራር ከሃያ ጤነኞች አንዱ ምንም ሕመም ሳይኖርበት ከመስመሩ ውጭ ይሆናል ማለት ነው። ይህም መስፈሪያው የራሱ አገር ሲሆን ነው። የሰው አገር ሲሆንስ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት መካከል ሁለት ኢትዮጵያውያት ሊቃውንት ይገኙበታል። በ1990ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያና ሆላንድ በኤድስ ላይ የጋራ ምርምር ባቋቋሙ ጊዜ፣ አስቴር ፀጋዬና ፀሐይነሽ መሰለ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ485 ጤነኛ የፋብሪካ ሠራተኞችን ደም መረመሩ። ውጤቱም በ1999 ታተመ። ሲዲ4 የሚባሉት ሰውነትን የሚጠብቁ የነጭ ደም ሴሎች በጤነኛው ኢትዮጵያዊ ደም ውስጥ በአማካይ 775 ሲሆኑ፣ በጤነኛው ሆላንዳዊ ግን 993 ሆነው ተገኙ። በሆላንዱ መስፈሪያ ቢለካ ኖሮ ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ የጎደለ ነገር ያለበት ይመስል ነበር። ነገሩም የወረቀት ጨዋታ አልነበረም፤ በኋላ የኤድስ መድኃኒት ሲታደል ማን ይጀምር፣ ማን ይቆይ የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ሲዲ4ው ከ200 በታች መውረዱን በማየት ነበርና። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት ስለሚጀምር ያ መስመር ቀርቷል። ትምህርቱ ግን አልቀረም። ዶክተር ፀሐይነሽም በ2011 የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ሲመሠረት የመሪነቱን ኃላፊነት ተቀብለዋል።

ለጮቄ ሥር ደገኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የደም ማነስ ነገር ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖር ሰው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በደሙ ውስጥ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን በማሰብ በ2011 ባወጣው ሰንጠረዥ በ3,500 ሜትር ከፍታ የደም ማነስ መስመር በ2.7 ግራም ከፍ እንዲል አድርጓል። በዚህ ስሌት በዚያ ከፍታ የምትኖር እርጉዝ ያልሆነች ሴት በዴሲ ሊትር 14.7 ግራም ካልሞላች ደም አንሷታል ይባላል።

ነገር ግን አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከአምሃ ገብረ መድኅንና ከሌሎች ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የሴቶቹ አማካይ 15.0፣ የወንዶቹም 15.9 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህም በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ነው። በደማቸው ያለው ኦክስጅንም አልጎደለም። የኛ ደገኛ ከተራራው ጋር የተስማማው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው። አማካዩ ራሱ ከመስመሩ ይህን ያህል ከተጠጋ፣ በዚያ ሰንጠረዥ ስንቱ ጤነኛ ሕመምተኛ ይባል እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስላው። ድርጅቱ በ2024 ሰንጠረዡን አሻሽሏል። ሆኖም አሁንም ለአንዲስም ለጮቄም ያወጣው አንድ ሰንጠረዥ ነው።

ይህን ስንል ደም ማነስ የለም ወይም የሐኪም ወረቀት አይታመን ማለታችን አይደለም። የተሳሳተ መስፈሪያ ጤነኛውን እንደሚያስደነግጥ ሁሉ የታመመውንም «ደኅና ነህ» ብሎ ወደ ቤቱ ሊሰደው ይችላል። መድኃኒቱ መስፈሪያውን ማቃናት ነው። ከ1954 ጀምሮ በጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የተጀመረው ትምህርት ዛሬ ፍሬ እያሳየ ነው። በ2018 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአማራ ክልል ጤነኛ ወጣቶችን መርምረው ስለ ጉበት፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ሌሎችም ምርመራዎች የአገር ማመሳከሪያ ቁጥር አሳትመዋል።

እንግዲህ የቀረው የእኛ የወጣቶቹ ድርሻ ነው። በጤና ቢሮ ተቀምጠህ የላቦራቶሪ መሣሪያ ግዢ የምትፈርም ወንድማችን፣ ከመሣሪያው ጋር የመጣው የቁጥር መጽሐፍ በማን ደም እንደ ተጻፈ ጠይቅ። ኬሚስትሪ የምታጠኚ እኅታችንም፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ መቆም ብቻ ሕክምና እንዳይመስልሽ። ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ሆኖ ቁናውን የሚያቃናም ሰው ነፍስ ያድናል።

አበው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። እኛ ግን ገና በራሳችን ቁና ሰፍረን አልጨረስንም። ያ ተማሪም ከመኪናው ሲወርድ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ለጥያቄው ከእኛ ይልቅ የሚሻል መልስ ፍለጋ ወደ ሐኪሙ ሄደ።